ጣት ላይ የሚታሰር ወረቀት፦ አንትሮፖሎጂ ለስደተኛ ያለንን ስሜት መለወጥ ይችላል?

ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ካርታ አለ። የሶኖራ በረሃ ካርታ ነው፤ የአሜሪካዋ አሪዞና ከሜክሲኮ ጋር የምትዋሰንበት ምድር። ካርታው ላይ ከ3,200 በላይ ትንንሽ ወረቀቶች ተሰክተዋል። ሬሳ ክፍል የሠራ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል፤ በአስከሬን እግር ጣት ላይ የሚታሰሩት መለያዎች ናቸው። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ የሟቹ ማንነት ታውቋል፣ ብርቱካናማ ከሆነ አልታወቀም። እያንዳንዱ የተሰካው አስከሬኑ በተገኘበት ነጥብ ላይ ነው። ስም (ካለ)፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የሞት ምክንያት፣ አስከሬኑ የነበረበት ሁኔታ ተጽፎበታል። ሁሉም በእጅ።

የሥራው ስም «ሆስታይል ቴሬይን 94» ይባላል፤ በግርድፉ «ጠላት የሆነ መሬት 94» እንበለው። ከኋላው ያለው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት የሆነው ጄሰን ደ ሊዮን እና እሱ የሚመራው «አንዶክዩመንትድ ማይግሬሽን ፕሮጀክት» ነው። ኤግዚቢሽኑ በአንድ ቤተ መዘክር ተሰቅሎ የሚቀር አይደለም። በብዙ አገሮች፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በማኅበረሰብ አዳራሾች እየተደጋገመ ይሠራል፤ በየቦታውም ወረቀቶቹን የሚጽፉትና የሚሰኩት የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው።

ይህን ዓይነት ሥራ ምሁራኑ ኢንጌጅድ አንትሮፖሎጂ ይሉታል። ተመራማሪው ያጠናውን በመጽሔት አሳትሞ ዞር የሚልበት ሳይሆን፣ ያጠናው ጉዳይ ውስጥ እጁን የሚያስገባበት፣ ከሚያጠናቸው ሰዎች ጋር ሆኖ ለሕዝብ የሚናገርበት አሠራር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ቃል ትልቅ ነው፦ ሕዝቡ ስደተኛውን እንደ ቁጥር ማየት ትቶ እንደ ሰው ያየዋል፣ ሕመሙንም ይጋራል። እኔ የምማረው ኢንጂነሪንግ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ቃል ስሰማ መጀመሪያ የማነሳው ጥያቄ ደረቅ ነው። ምን ገባ? ምን ወጣ? የወጣውስ ስንት ጊዜ ቆየ? በዚህ ጽሑፍ የደ ሊዮንን ሥራዎች፣ ከእነሱም ጋር ከሜዲትራኒያን በኩል የመጡ ሁለት ሦስት ሥራዎችን በዚህ ጥያቄ እመዝናለሁ። መሥፈርቱ ትንሽ ጨካኝ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ይሁን።

በመጀመሪያ 94 ለምን እንደተባለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ የድንበር ጥበቃ «በማስቀረት መከላከል» ሊባል የሚችል ስትራቴጂ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰዎች በብዛት የሚሻገሩባቸውን ከተሞች፣ እነ ሳን ዲዬጎንና ኤል ፓሶን፣ በአጥርና በሰው ኃይል ዝጋ። መሻገር የሚፈልግ ሰው የሚቀርለት በረሃው ብቻ ይሆናል፤ በረሃውን ሲያይ ይመለሳል። አልተመለሱም። በበረሃው ገቡ፣ ብዙዎችም እዚያው ቀሩ።

ደ ሊዮን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው «ዘ ላንድ ኦፍ ኦፕን ግሬቭስ» («የክፍት መቃብሮች ምድር») በተባለው መጽሐፉ የሚከራከረው፣ በረሃው እዚህ ውስጥ የተፈጥሮ አደጋ ሳይሆን የፖሊሲው መሣሪያ ነው ብሎ ነው። እንደ ኢንጂነር ይህን ክፍል ሳነብ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት፣ ምክንያቱም በደንብ የማውቀው ነገር ነው። ቤት ስንነድፍ ያለ ማሽን እንዲቀዘቅዝ ነፋሱንና ጥላውን እንጠቀማለን፤ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር የለም፣ ማንም ቁልፍ አይጫንም፣ አካባቢው ራሱ ሥራውን ይሠራል። የሶኖራ በረሃም በበጋ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየሞቀ ልክ እንዲህ ይሠራል። የተኮሰ ወታደር የለም፣ የተፈረመ የሞት ትእዛዝ የለም። የሞት ምክንያት ተብሎ የሚጻፈው «ለሙቀት መጋለጥ» ነው። የነደፈው ሰው ስም ግን ወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። አንባቢው እንዲያዝን ብቻ ሳይሆን አሠራሩ እንዲገባው ያደርጋል። ስደተኛን በሚመለከት የሚጻፍ ብዙ ነገር ያስለቅሳችሁና «ዕድል ነው» ብላችሁ እንድትሄዱ ያደርጋል። ይሄኛው ዕድል እንዳልሆነ ያሳያል።

የሚያሳይበት መንገድ ግን ሁሉንም አንባቢ አያስደስትም። ቡድኑ የሞቱ አሳማዎችን ስደተኞች የሚለብሱትን ዓይነት ልብስ አልብሶ በረሃው ውስጥ አስቀመጠ፤ ካሜራ አጠመደና አስከሬን ምን እንደሚሆን ተከታተለ። ጥንብ አንሳዎች መጡ። በቀናት ውስጥ ሥጋው አለቀ፣ አጥንትና ልብስ ተበታተነ። ውጤቱ ሳይንሳዊ ትርጉም አለው፦ በየዓመቱ የሚቆጠሩት አስከሬኖች ከእውነተኛው ቁጥር ያነሱ መሆን አለባቸው፣ ምክንያቱም በረሃው ማስረጃውን ራሱ ያጠፋል። አሳማ በሰው ቦታ መተካቱ በፎረንሲክ የተለመደ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ግን፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ገጹ ላይ የለበሰ አሳማ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ለአንዱ ሕዝብ ስሜትን የሚነካ ምስል ለሌላው ስሜትን የሚዘጋ ሊሆን ይችላል። «ሕዝብ» የሚለውን ቃል በነጠላ የሚጠቀሙ የአንትሮፖሎጂ ጽሑፎች ይህን ቶሎ ይረሱታል።

ደ ሊዮን በአስከሬን ላይ ለሚደርሰው ነገር ስም ሰጥቶታል፤ «ኔክሮቫዮለንስ» ይለዋል፣ ከሞት በኋላ የሚቀጥል ግፍ ማለት ነው። እኛ ለዚህ የተለየ ቃል አያስፈልገንም። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ቤተሰብ መርዶ አይነገረውም፤ ተናጋሪው ምን ብሎ ይናገራል? ድንኳን አይተከልም። ፍትሐትና ተዝካር፣ ሶላተል ጀናዛ፣ ሁሉም እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። እናት ስልኩ ይጮሃል ብላ ዓመታት ትቆጥራለች።

ወደ ግድግዳው ልመለስ፤ ምን ያህል ይሠራል? በዚህ ላይ የሥነ ልቦና ጥናቶች የሚሉት አለ፣ ለኤግዚቢሽን ሠሪም በጣም የሚያጽናና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ ነበር። ለሰዎች ገንዘብ ተሰጥቷቸው ለእርዳታ እንዲለግሱ ተጠየቁ፤ ለከፊሎቹ የተነገራቸው ስለ አንዲት የማሊ ሕፃን ነው፣ ለከፊሎቹ ስለ ሚሊዮኖች የሚናገር አኃዝ። ለሕፃኗ የሰጡት በጣም በለጠ። የሚገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው፦ የሕፃኗ ታሪክ ከአኃዙ ጋር ተደምሮ ሲቀርብ ልገሳው ወረደ። ቁጥሩ ልጅቷን ሸፈናት።

ሁለተኛው የአለን ኩርዲ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2015 የሶርያዊው ሕፃን አስከሬን ቱርክ ባሕር ዳርቻ ላይ ተደፍቶ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞረ። ተመራማሪዎች በኋላ የስዊድን ቀይ መስቀል ለሶርያ ስደተኞች የሰበሰበውን ልገሳ ሲመለከቱ፣ ከፎቶው በኋላ በብዙ እጥፍ ዘልሎ በሳምንታት ውስጥ መልሶ መውረዱን አገኙ። ጉድጓድ የመታ መኪና አስቡ። ይዘላል፣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይረጋል፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ብዙ ስደተኛ ተኮር ሥራዎች የሚፎካከሩት ጉድጓዱን ለማጥለቅ ነው። የበለጠ የሚያስደነግጥ ፎቶ፣ የበለጠ የሚያስለቅስ ድምፅ።

ከዚህ አንጻር «ሆስታይል ቴሬይን 94» አንድ ብልህ ነገር አድርጓል። 3,200 ቁጥር ነው፤ ግድግዳውን ከሩቅ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ቁጥሩን ነው። የሚጽፈው ሰው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው። ዕድሜ፦ 23። ፆታ፦ ሴት። ሁኔታ፦ አጥንት ብቻ። ብዕሩን ያነሳና ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል፤ ሃያ ወረቀት የጻፈ ሰው ሃያ ጊዜ ቆሟል። አኃዙ ሰውየውን እንዳይሸፍነው ያደረገው የእጅ ሥራው ነው። በማተሚያ ማሽን በአንድ ሰዓት ሊወጣ የሚችልን ነገር ሆን ብሎ ቀርፋፋ ማድረግ ለኛ ለኢንጂነሮች ኃጢአት ነው፤ እዚህ ግን ቅርፋፌው ራሱ ነው ምርቱ። በኔ ግምት ከኤግዚቢሽኑ የሚጠቀመው ተመልካቹ ሳይሆን ጸሐፊው ነው። ግድግዳው ሲያልቅ ሥራው ካለቀ በኋላ የቀረ ቅሪት ይሆናል።

ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ሞቷል። የሞተ ሰው አይዋሽም፣ አይጨቃጨቅም፣ ሥራ አይሻማም፣ ሰፈራችሁ ገብቶ ኪራይ አያስወድድም። ለሞተ ስደተኛ ማዘን ቀላል ነው፤ «ምስኪን» ማለት ምንም አያስከፍልም። በአማርኛ «አንጀቴን በላው» ስንል ስሜቱ እውነት ነው፣ ግን የሚበላው የኛ አንጀት ነው፤ ሰውየው እዚያው ነው። ሕይወት ያለው ስደተኛ በር ሲያንኳኳ የሚፈተነው ሌላ ነገር ነው፣ ግድግዳውም ለዚያ ፈተና አያዘጋጅም።

ሙታንን ያለ ታሪክ ማቅረብ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት ከአሪዞና ወደ ሜዲትራኒያን እንሻገር፤ እዚያም ባሕሩ የበረሃውን ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2015 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የጫነች የዓሣ ጀልባ ሰጠመች። ጣሊያን ጀልባዋን ከባሕር ወለል አወጣቻት። የጀልባዋ ስብርባሪ እ.ኤ.አ. በ2019 በቬኒስ ቢናሌ በአርቲስት ክሪስቶፍ ቡሸል አማካይነት «ባርካ ኖስትራ» («ጀልባችን») ተብላ ለዕይታ ቆመች። አጠገቧ ምን እንደሆነች የሚናገር ጽሑፍ አልነበረም። በቅርብ ርቀት ካፌ ነበር። ሰዎች እየጠጡ ፎቶ ተነሡባት፤ ብዙ ተቺዎችም ተቆጡ፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ዕቃው ትልቅ ነው፣ እውነተኛ ነው፣ ሰው ግን የለበትም።

የዚያችው ጀልባ ሙታን ግን ሌላ ቦታ ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። በሚላን ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው የፎረንሲክ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ክሪስቲና ካታኔዎ እና ባልደረቦቿ አስከሬኖቹን አንድ በአንድ መርምረዋል። አንድ ከማሊ የመጣ፣ 14 ዓመት ገደማ የሚሆን ልጅ ልብስ ውስጥ ተሰፍቶ የተገኘው ሪፖርት ካርዱ ነበር። የትምህርት ቤት ውጤቱ። በሌላ የሥራዋ አጋጣሚ ያገኘችው ወጣት ኤርትራዊ ደግሞ የአገሩን አፈር በትንሽ ከረጢት ቋጥሮ ነበር። ስለ ሪፖርት ካርዱ ካነበብኩ በኋላ ያች ጀልባ በዓይነ ሕሊናዬ ስትመጣ የሚታየኝ ስብርባሪው ሳይሆን ደብተሩን ጠንቅቆ የሚይዝ ልጅ ነው። አንድ ሰው ሪፖርት ካርዱን ልብሱ ውስጥ የሚሰፋው የሚያሳየው ሰው አገኛለሁ ብሎ ነው፦ «ጎበዝ ነኝ፣ አስተምሩኝ»። ይህ የሞት ዜና አይደለም፣ የዕቅድ ማስረጃ ነው፤ ለዚህ ነው የሚይዘን።

ደ ሊዮንም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ መጽሐፉ ከግድግዳው የሚበልጠውም ለዚህ ነው። ሜሞ እና ሉቾ ብሎ የሚጠራቸው ሁለት ጓደኛሞች አሉ። ይቀልዳሉ። በራሳቸው መከራ ላይ ያላግጣሉ፣ አንዳንዴ የማያስደስት ቀልድ። በረሃውን ሲሻገሩ ራሳቸው ፎቶ አንሥተዋል፤ ፎቶዎቹም መጽሐፉ ውስጥ አሉ። ተመራማሪው ከመሻገራቸው በፊት አውቋቸው ነበር፣ ከተሻገሩም በኋላ ግንኙነቱ አልተቋረጠም። እነዚህን ሰዎች «ምስኪን» ለማለት ብትሞክሩ አፋችሁ ላይ ይቀራል። ልታዝኑላቸው ሳይሆን ልታውቋቸው ነው የምትገደዱት።

እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ያገኘው ቀጣዩ መጽሐፉ «ሶልጀርስ ኤንድ ኪንግስ» («ወታደሮችና ንጉሦች») ፈተናውን አንድ ደረጃ ያከብደዋል። ርዕሰ ጉዳዩ ሰው አሻጋሪዎቹ ናቸው። በኛ አነጋገር ደላላዎቹ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን እንደምታጠቁሩ አውቃለሁ፤ በሊቢያ መጋዘን የታሰረ ልጅ ድምፁን በስልክ እያሰሙ ገንዘብ የተጠየቀ ቤተሰብ በየሰፈሩ አለና። ደ ሊዮን ግፉን አያስተባብልም። የሚያሳየው ግን ዝቅተኛውን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው ራሳቸው ከሆንዱራስ የወንበዴ ቡድንና ድህነት የሸሹ፣ መሄጃ አጥተው መንገዱ ላይ የቀሩ ወጣቶች መሆናቸውን ነው። ደላላውን ብቻ ክፉ ማድረግ አጥሩን የነደፈውን ነጻ ያወጣል፤ መንገዱ ሲጠብብ ዋጋው ይጨምራል፣ ዋጋው ሲጨምር ጨካኙ ይገባል። መጽሐፉ አንዳንድ ቦታ ለገጸ ባሕርያቱ በጣም ይሳሳል፤ በእነዚህ ወጣቶች እጅ ያለፉት ተጓዦች ድምፅ ከእነሱ ድምፅ ያንሳል፣ ይህም እንደ አንባቢ አስጨንቆኛል። ሆኖም ንጹሕ ላልሆነ ሰው ጆሮ መስጠት እንደሚቻል ያሳየ ሥራ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ብዙ የለም።

ጆሮ መስጠት ያልኩት ለዘይቤ አይደለም። ጆሹዋ ካላ እና ዴቪድ ብሩክማን የተባሉ የፖለቲካ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት የመስክ ሙከራ አለ። አሜሪካ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ ከመራጮች ጋር ሕጋዊ ወረቀት ስለሌላቸው ስደተኞች ያወራሉ። ክርክር ብቻ ሲያቀርቡ የታየ ለውጥ አልነበረም። ሳይፈርዱ እየሰሙ፣ ታሪክ ሰጥተው ታሪክ ሲቀበሉ ግን አመለካከት በትንሹ ተለወጠ፤ ለውጡም ቢያንስ ለአራት ወራት ቆየ። ትንሽ ነው፣ ግን አልረገበም። ከኩርዲ ፎቶ ጋር አስተያዩት። አንዱ ከፍ ብሎ ወረደ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ቆየ። ልዩነቱን ያመጣው ሳይፈርዱ ታሪክ መለዋወጡ ይመስላል። የኤግዚቢሽን ግድግዳ አይጠይቃችሁም፤ ጥሩ አንትሮፖሎጂስት ግን ሥራው መጠየቅ ነው፣ ይህን ችሎታ ወደ ጥናት ቦታው ብቻ ሳይሆን ወደ ተመልካቹም ቢያዞረው ምን እንደሚሆን ገና በቅጡ አልተሞከረም።

አንድ ሰው ግን በሌላ በኩል ቀድሞ ሞክሮታል፤ አንትሮፖሎጂስት አይደለም፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዳግማዊ ይመር በሊቢያ አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2006 ላምፔዱሳ ደረሰ። ሮም ውስጥ ከጣሊያን ምሁራንና ፊልም ሠሪዎች ጋር ተገናኘ፤ ከእነሱ አንዱ በኢትዮጵያ ታሪክ ላይ የሠራው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድሬያ ሴግሬ እና ከሪካርዶ ቢያዴኔ ጋር የሠራው ዘጋቢ ፊልም ኢትዮጵያውያን በሊቢያ ምን እንደደረሰባቸው በራሳቸው አንደበት ያሰማል። ካሜራውን የያዘው ሰው በዚያው መንገድ ያለፈ ስለሆነ ማንም ለማስለቀስ አይናገርም። እንደ ቡና ላይ ወሬ፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ አጠገብ 368 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን። ዳግማዊ ለእነሱ የሠራው አጭር ፊልም «አስማት» ይባላል። አማርኛ ለምዶት ምትሃት ብሎ የሚሰማ ሰው ይደናገር ይሆናል፤ በግእዝና በትግርኛ ቃሉ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ፊልሙ ስሞችን ይጠራል። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። የአውሮፓ ተመልካች ስሞቹ ምን ማለት እንደሆኑ አያውቅም፣ ፊልሙም አይለምነውም፤ እንዲሰማ ብቻ ያደርገዋል። እኛ ጆሮ ላይ ግን እያንዳንዱ ስም ወላጅ ልጁ ሲወለድ ያሰበው ነገር ነው። ከብርቱካናማው ወረቀት በጣም የራቀ ነው፤ ያ ሰው አስከሬን ሆኖ ከተገኘበት ነጥብ ይጀምራል፣ ይሄ ስም ከወጣለት ቀን።

በኛ በኩል ያለው መንገድ፣ በጂቡቲ ኦቦክ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ የሚወስደው፣ እንዲህ ያለ ግድግዳ ይኑረው ቢባል ወረቀትና ካርታ ማግኘቱ አይከብድም። የሚከብደው ዝርዝሩ ነው። የአሪዞናው ግድግዳ የቆመው የፒማ አውራጃ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ እያንዳንዱን ሟች መዝግቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ የተገኘበትን ቦታ በኮኦርዲኔት ስላስቀመጠ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ ብዙዎች የተቀበሩት ስም በሌለው አሸዋ ሥር ነው፤ የተሟላ መዝገብ የለም። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ አንትሮፖሎጂስት ከአስከሬኑ መጀመር አይችልም። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ ቤቶች ነው የሚጀምረው፤ ማን እንደሄደ፣ መጨረሻ የደወለው መቼ እንደሆነ፣ ከየት ከተማ፣ ምን እንዳለ። ጠያቂው መርዶ ነጋሪ እንዳይመስል በር ላይ ምን ብሎ እንደሚገባ ከጥናቱ ዘዴ ሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት ጉዳይ ነው፤ ቤተሰቡ አሁንም ስልኩን እየጠበቀ ነውና።